ስኳር፣ ነርቭና የሽንት ፊኛ፦ ሽንት ለምን ያመልጣል?

በ1889 ስትራስቡርግ ከተማ፣ አንድ የቤተ ሙከራ ውሻ ወለል ላይ መሽናት ጀመረ። ውሻው ደንብ የለመደ ነበር፤ ውጭ እስኪያወጡት ድረስ ይታገስ ነበር። አሁን ግን አልቻለም። ወጣቱ ሐኪም ኦስካር ሚንኮቭስኪ ከባልደረባው ከዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ጋር ተማክሮ የውሻውን ቆሽት በቀዶ ጥገና አውጥቶት ነበር። ሁለቱን ያከራከራቸው ጉዳይ ስብ ነበር፦ ቆሽት ከሌለ ምግብ ውስጥ ያለው ስብ መፈጨት ይችላል ወይ? ስለ ስኳር በሽታ ያሰበ አልነበረም።

የሚንኮቭስኪ አለቃ በርንሃርድ ናውኒን ግን ተማሪዎቹን አንድ ነገር አስለምዷቸው ነበር፤ ብዙ የሚሸና ሕመምተኛ ሲያጋጥማችሁ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ፈልጉ ይላቸው ነበር። ሚንኮቭስኪም የውሻውን ሽንት መረመረ። 12 በመቶው ስኳር ሆኖ አገኘው። ለብዙ ዘመን ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀው የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር የተያያዘው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዝንብ ይጨምሩበታል፤ ሽንቱ ላይ ዝንብ ስለሰፈረ ነው ነገሩ የተነቃው ይላሉ። ደስ የሚል ተረት ነው። ሚንኮቭስኪ ራሱ የተረከው ግን ስለ ዝንብ ሳይሆን ሽንቱን መያዝ ስላቃተው ውሻ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ግኝቶች አንዱ የተገኘው ሽንት ስላመለጠ፣ አንድ ሰውም ወለሉን አስጠርጎ ዝም ከማለት ይልቅ "ለምን?" ብሎ ስለጠየቀ ነው።

ዛሬ ስኳር ለ15 እና ለ20 ዓመት አብሯቸው የኖረ ብዙ ሰዎች ያው ችግር አለባቸው፤ ሽንት ያመልጣቸዋል። ምናልባት አያታችሁ፣ ምናልባት አጎታችሁ። አብዛኞቹ አይናገሩም። "እርጅና ነው" ብለው ያልፉታል፤ ሰው ቤት ከመሄድ ይቀራሉ፤ ረጅም መንገድ ሲኖርባቸው ውሃ አይጠጡም። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? መልሱ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ምክንያት የታወቀው በየራሱ ዘመን ነውና፣ እስቲ በታሪክ ቅደም ተከተል እንየው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ፊኛውን እንወቀው

በአማርኛ "ፊኛ" ስንል ልጆች የሚነፉትም ነው፣ ሆድ ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምበትም ነው። ስያሜው ጥሩ ምስል ይሰጣል። የሽንት ፊኛ የሚለጠጥ የጡንቻ ከረጢት ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ወደ 400 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ግማሽ ሳይሞላ ገና "ሽንት መጣ" የሚል ቀለል ያለ ስሜት ይጀምራል።

ሥራው ሁለት ነው፦ ማጠራቀምና ማስወጣት። ሲያጠራቅም ግድግዳው ይላላል፣ ከሥር ያለው በር ይጠብቃል። ሲያስወጣ ተቃራኒው ይሆናል፤ ግድግዳው ይጨመቃል፣ በሩ ይከፈታል። ይህን ቅንጅት የሚመሩት ነርቮች ናቸው። አንዳንዶቹ "ሞልቻለሁ" የሚለውን መልእክት ከፊኛው ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ያደርሳሉ፤ ሌሎቹ ትእዛዙን ይዘው ይመለሳሉ። አንጎል ደግሞ "አሁን አይደለም፣ ቆይ" የማለት ሥልጣን አለው። ሕፃን ልጅ ይህ ሥልጣን የለውም፤ ዳይፐር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሽንት ሲያመልጥ ጥፋቱ ከአራት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከሽንቱ ብዛት፣ ከጡንቻው፣ ከበሩ ወይም ከነርቩ። ስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ አራቱንም የመንካት አቅም አለው። ጉዳዩ ግራ የሚያጋባውም በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት፦ ብዛት

ከሁሉ ቀድሞ የታየው የሽንቱ ብዛት ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው ቀጰዶቅያ ተወላጅ የነበረው ሐኪም አሬቴዎስ፣ ያለማቋረጥ የሚሸኑና ያለማቋረጥ የሚጠሙ ሰዎችን ገልጾ ጽፏል። ሥጋ ወደ ሽንት እየቀለጠ የሚወጣ ነበር የመሰለው። በሽታው የሚጠራበት "ዲያቤቴስ" የሚለው የግሪክኛ ስም ትርጉሙ "የሚያልፍ" እንደማለት ነው፤ ውሃው በሰውየው ውስጥ እንደ ቧንቧ ዝም ብሎ ያልፋል። ታላቁ ጋሌን ደግሞ በሕይወቱ ያየው ሁለት ሰው ብቻ እንደሆነ ጽፎ፣ ጥፋቱን በኩላሊት ላይ አሳበበ። ይህ የተሳሳተ ሐሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ።

የጥንት ህንድ ሐኪሞች ሌላ ነገር አስተውለው ነበር፦ የእነዚህ ሰዎች ሽንት ጉንዳን ይስባል። በሽታውንም "የማር ሽንት" ብለው ጠሩት። አውሮፓ ውስጥ ይህን ያስታወቀው እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ነው፤ በ1670ዎቹ። እንዴት አወቀ? በመቅመስ ነው! አይግረማችሁ፣ ያን ጊዜ ምላስ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነበር። የሚገርመው ሌላ ነው፤ "ኒውሮሎጂ" የሚለውን ቃል፣ ማለትም የነርቭ ጥናትን ስም የፈጠረውም ይኸው ዊሊስ ነው። ስኳርና ነርቭ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር፤ አንዱ ሌላውን እንደሚጎዳ ለማረጋገጥ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር።

በ1776 የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን ሥራውን ከምላስ ወደ እሳት አሻገረው። የሕመምተኛውን ሽንት በእሳት አትንኖ የቀረውን አየ፤ መልኩም ጣዕሙም ስኳር የሚመስል ነጭ ነገር። ይህ ሕመምተኛ በቀን 28 ፓይንት ይሸና ነበር፤ ከ13 ሊትር አያንስም። ጤነኛ ሰው በቀን የሚሸናው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል እንደሆነ አስታውሱ። ዶብሰን ከዚህም አልፎ የሰውየው ደም ራሱ ጣፋጭ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ስኳሩን ኩላሊት አልፈጠረውም፤ ከደም ነው የመጣው።

ዛሬ ሂደቱን በደንብ እናውቀዋለን። ኩላሊት ስኳርን ያጣራና መልሶ ወደ ደም ይሰበስበዋል። የመሰብሰብ አቅሙ ግን ልክ አለው። የደም ስኳር በመርፌ መለኪያችን 180 አካባቢን ሲያልፍ የተረፈው ወደ ሽንት ይፈሳል። ስኳር ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ውሃ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ሰውየው ብዙ ይሸናል፣ ይጠማል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይሸናል። ፊኛው ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ በዚህ ፍጥነት ሲሞላ፣ በተለይ ሌሊት በእንቅልፍ፣ ሊያመልጥ ይችላል። የስትራስቡርጉ ውሻ ችግር ይኸው ነበር፤ ነርቩም ፊኛውም ደህና ነበሩ፣ የሚመጣው ሽንት ግን ከአቅም በላይ ሆነ።

መልካሙ ዜና፣ ይህኛው ምክንያት ስኳሩ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት፦ ያላወራው ነርቭ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኞች እግር እንደሚደነዝዝና እንደሚያቃጥል ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ግን ነገሩን ገልብጠው ነው ያሰቡት፦ የነርቭ በሽታ ስኳርን ያመጣል ብለው። በ1864 ፈረንሳዊው ማርሻል ደ ካልቪ "አይደለም፣ ስኳሩ ነው ነርቩን የሚጎዳው" ሲል ተከራከረ። ልክ ነበር።

ሆኖም በዚያ ዘመን የነርቭ ጉዳት ፊኛ ላይ ምን እንደሚያደርግ በስፋት ለማየት አስቸጋሪ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ሰዎቹ እዚያ ድረስ አይኖሩማ! በተለይ በልጅነቱ የታመመ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። የነርቭ ጉዳት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን የቀየረው ኢንሱሊን ነው። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት፣ በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከቆሽት የወጣ ጭማቂ ቆሽት የሌለውን ውሻ ስኳር እንደሚያወርድ አዩ። ጥር 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። አልሠራም ማለት ይቻላል፤ ጭማቂው ንጹሕ አልነበረም። ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶት ጥር 23 ቀን እንደገና ሲወጋ የልጁ ስኳር ወረደ። ሊሞት ጥቂት የቀረው ልጅ ተጨማሪ 13 ዓመት ኖረ።

ኢንሱሊን ፈጣኑን ሞት አስቆመ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ማንም በቅጡ ያላየውን ዘገምተኛ በሽታ ገለጠ። ሕመምተኞች 15፣ 20፣ 30 ዓመት መኖር ሲጀምሩ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ቀስ እያሉ ሲጎዱ ታየ። በ1936 ኪምልስቲልና ዊልሰን የስኳርን የኩላሊት ጉዳት በማይክሮስኮፕ ገለጹ። በ1945 ደግሞ አሜሪካዊው ዌይን ራንድልስ የ125 ሕመምተኞችን የነርቭ ጉዳት ሰብስቦ ጻፈ። ጉዳቱ የእጅና የእግር ብቻ አልነበረም፤ ሳናዝዛቸው የሚሠሩትን የውስጥ አካላት ነርቮችም ነክቷል፤ ጨጓራን፣ አንጀትን፣ ፊኛን።

ስኳር ነርቭን እንዴት ይጎዳል? ቢያንስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛ፣ ነርቭ ራሱ ምግብና ኦክስጅን የሚያገኘው ከቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፤ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ሥሮች ያጠባል። ሁለተኛ፣ ነርቭ ውስጥ የገባው ትርፍ ስኳር በከፊል ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይቀየራል፤ ይህም የሕዋሱን ኬሚስትሪ ያዛባል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። እግር ጣት ላይ መደንዘዝ የሚጀምረው ለዚህ ነው። የፊኛ ነርቮችም ከአከርካሪ ግርጌ ተነስተው ረዘም ያለ መንገድ የሚሄዱ ቀጫጭኖች ናቸው።

የሚቀጥለውን በጥሞና ተከታተሉ፤ ምክንያቱም ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። በዚህ ጉዳት መጀመሪያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሽንት የመያዝ አቅም አይደለም፤ ፊኛው መሙላቱን የማወቅ ስሜት ነው። ሰውየው ሽንት አይመጣበትም። ድሮ በየሦስት ሰዓቱ ይሄድ የነበረ ሰው ጠዋትና ማታ ብቻ ይሄዳል። "ተሻለኝ" ብሎ ሊደሰትም ይችላል። ፊኛው ግን እየተለጠጠ ነው። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ከረጢት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ መያዝ ይጀምራል። ደጋግሞ ከልክ በላይ የተነፋ ፊኛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይልላል፣ ወደ ቅርጹ አይመለስም። ጡንቻው ሲጨመቅ ጉልበት ያጣል፤ ሰውየው ሲሸና ያምጣል፣ ፍሰቱ ይቆራረጣል፣ ጨርሶም አይወጣም።

የተረፈው ሽንት ውስጥ ይቀመጣል። ላዩ ላይ አዲስ ይጨመርበታል። በመጨረሻም ልክ እንደሞላ በርሜል ከአፉ ይፈሳል፤ ጠብ ጠብ ይላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሽንት የሚያመልጠው ፊኛው ባዶ መሆን ስላቃተው ነው። ቤተሰብ የሚያየው የረጠበ ልብስ ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለውን አንድ ሊትር ግን ማንም አያየውም።

ሦስተኛው ምክንያት፦ ተቃራኒው ፊኛ

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች "የስኳር ፊኛ" ማለት የላላ ፊኛ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ፊኛ ውስጥ ያለውን ግፊት መለካት ያስፈልጋል። ጣሊያናውያኑ አንጄሎ ሞሶና ፔላካኒ በ1882 ለክተውታል፤ ፊኛ ለስሜት ጭምር ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ። ፈተና ሲደርስ ሽንት ቤት የሚያመላልሰንን ነገር በመሣሪያ አዩት ማለት ነው። በ1927 አሜሪካዊው ዶናልድ ሮዝ ለሐኪም ቤት የሚሆን መለኪያ አዘጋጀ። በ1970ዎቹ ዴንማርካዊው ፍሪሞት-ሞለር በዚህ ዓይነት መለኪያ የስኳር ሕመምተኞችን መርምሮ፣ በስኳር ምክንያት ለሚመጣው የፊኛ ጉዳት ራሱን የቻለ ስም ሰጠው።

መለኪያው እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ፊኛቸው የላላ ሳይሆን ቁጡ ነው። ትንሽ ሲሞላ ያለ ፈቃድ ይጨመቃል። ሰውየው ድንገት ሽንት ይመጣበታል፤ ሮጦ ሽንት ቤት በር ላይ ሳይደርስ ያመልጠዋል። አንድ በሽታ ሁለት ተቃራኒ ነገር እንዴት ያመጣል?

መልሱ ላይ አይጦች ረድተዋል። ተመራማሪዎች አንዳንድ አይጦችን በመድኃኒት የስኳር ሕመምተኛ አደረጓቸው። ለሌሎቹ ጤነኛ አይጦች ደግሞ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እየሰጡ ብዙ እንዲሸኑ አደረጉ። የሁለቱም ፊኛ ገዘፈ። ስለዚህ የሽንት ብዛት ብቻውን የፊኛን ጡንቻ ይቀይራል፤ እንደ ቀን ሠራተኛ ክንድ ያወፍረዋል። በሕመሙ መጀመሪያ ዓመታት ይህ የወፈረ ጡንቻ ቁጡ ይሆናል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ስኳሩ በነርቩም በጡንቻውም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄድና ጡንቻው ይደክማል፤ የላላው ፊኛ ይመጣል። ከ2000 ወዲህ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሁለቱ ተቃራኒዎች የአንድ መንገድ ሁለት ጣቢያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል ማለት ግን አይደለም፤ ሁለቱ ችግር በአንድ ሰው ላይ አብሮ የሚታይበት ጊዜም አለ።

ይህ ልዩነት ሕክምናውን ይወስናል። ለቁጡ ፊኛ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጡንቻውን የሚያረጋጉ ናቸው። እነዚህን መድኃኒቶች ሞልቶ ለሚፈስ የላላ ፊኛ ብትሰጡት፣ ጭራሽ መሽናት ያቅተዋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በአልትራሳውንድ ማየት ያስፈልጋል። ምርመራው ሕመም የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የጎረቤት ጥፋቶች

ሁሉንም በስኳር ላይ ማላከክም ስሕተት ነው። ስኳር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም።

ኢንፌክሽን አንዱ ነው። የስኳር ሕመምተኞች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይያዛሉ፤ ፊኛ ውስጥ የቀረ ሽንት ለባክቴሪያ ምቹ ኩሬ ነው። ኢንፌክሽን ደግሞ ፊኛውን ያስቆጣዋል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ካመለጠው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሴቶች ላይ የወሊድ ብዛትና የሰውነት ክብደት በሩን የሚደግፉትን የዳሌ ጡንቻዎች ያደክማሉ። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሱ የሚያመልጠው ይህ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ላይ ያበጠ ፕሮስቴት መውጫውን ይዘጋል። የሆድ ድርቀት ፊኛውን ይጫናል። ስትሮክ የአንጎልን "ቆይ" የማለት ሥልጣን ይነጥቃል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፊኛው ምንም አልሆነም፤ ስኳር ዓይኑን ያደከመውና እግሩን ያደነዘዘው ሰው በጨለማ ግቢውን አቋርጦ ሽንት ቤት መድረስ አቅቶት ነው። ለእሱ መድኃኒቱ መብራትና ቅርብ የሆነ መጸዳጃ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትም አለበት። ለደም ግፊት የሚሰጡ ውሃ የሚያሸኑ ክኒኖችን ታውቋቸዋላችሁ። የስኳር መድኃኒቶች ውስጥም ስኳርን ሆን ብሎ በሽንት የሚያስወጣ ቤተሰብ አለ። ይህኛው የራሱ ታሪክ አለው፦ በ1835 ከፖም ዛፍ ልጥ ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ተገኘ። በ1886 ይህ ንጥረ ነገር ሽንትን ጣፋጭ እንደሚያደርግ ያሳየው ያው የውሻው ሙከራ ባልደረባ ፎን ሜሪንግ ነው! ከዚያ ሐሳብ የተወለዱት መድኃኒቶች ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ውለዋል፤ ለልብና ለኩላሊትም ይጠቅማሉ። ግን ሽንት ያበዛሉ። አያታችሁ መድኃኒት ከቀየሩ በኋላ ችግሩ ከጀመራቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቋርጡ።

ከታሪኩ ያተረፍነው

በ1983 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 ፈቃደኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተጀመረ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የረጅም ጊዜ ጉዳትን ይቀንሳል ወይ? በ1993 መልሱ መጣ። ጥብቅ ቁጥጥር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ማርሻል ደ ካልቪ ከ129 ዓመት በፊት የተከራከረለት ነገር በቁጥር ተመለሰ። አንዴ ክፉኛ የተጎዳ ነርቭ በአብዛኛው ወደ ነበረበት ስለማይመለስ፣ ጥንቃቄው ዋጋ የሚኖረው ቀድሞ ሲጀመር ነው።

ለተጎዳ ፊኛም ቢሆን መላ አለ። በ1948 አርኖልድ ኬግል የዳሌ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተዋወቀ፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዋጋም የለውም። ስሜቱን ላጣ ሰው ደግሞ ሰዓት ስሜትን ይተካል፤ ሽንት ባይመጣም በየሦስትና አራት ሰዓቱ ሄዶ መሽናት፣ ጥቂት ቆይቶም ደግሞ መሞከር። ከመጠን ያለፈ ክብደት መቀነስም ይረዳል። ቡናን በልክ ማድረግም እንዲሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ፊኛን ይቆሰቁሳሉ፤ በተለይ ማታ ከሆነ። ውሃን ጨርሶ መከልከል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ስኳር ላለበት ሰው ድርቀት አደጋ ነው።

ጨርሶ ባዶ ለማይሆን ፊኛ ደግሞ የ1972ቱ ግኝት አለ። የሚሺጋኑ ጃክ ላፒደስ ሕመምተኞች ራሳቸው ቀጭን ቱቦ እያስገቡ ፊኛቸውን በቀን ጥቂት ጊዜ ባዶ እንዲያደርጉ አስተማረ። ብዙ ሐኪሞች ደነገጡ፤ ያለ ቀዶ ጥገና ክፍል ንጽሕና እንዴት ይሆናል? ላፒደስ ዋናው ጠላት ከልክ በላይ የተወጠረ ፊኛና የተኛ ሽንት ነው አለ፤ በውሃና በሳሙና የታጠበ እጅ ይበቃል። ውጤቱ እሱን ደገፈው። ዘዴው ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል፤ ብዙ ኩላሊትም አትርፏል።

ኩላሊትን ያነሳነው በምክንያት ነው። ያልወጣ ሽንት ግፊቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ኢንፌክሽኑም ወደዚያ ይወጣል። ስለዚህ "ያሳፍራል" ተብሎ የተደበቀ ነገር ዓመታት ቆይቶ የኩላሊት ድካም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጉዳዩ ክብደት የረጠበ ልብስ ብቻ አይደለም።

ዝምታው የሕመምተኞች ብቻም አይደለም። ሐኪም የዓይን ምርመራ ያዝዛል፣ እግር ያያል፣ ደም ግፊት ይለካል፤ ስለ ሽንት ግን ላይጠይቅ ይችላል። ሕመምተኛው ካልተጠየቀ አያነሳም፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አይጠይቅም። በመሐል ፊኛው ይለጠጣል።

እዚህ ላይ እናንተ ልትረዱ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸው ትልቅ ሰው ካሉ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ሲሸኑ ያምጣቸው እንደሆነ፣ ሽንት ሳይመጣባቸው ረጅም ሰዓት ይቆዩ እንደሆነ፣ ጊዜና ቦታ መርጣችሁ፣ ሰው በሌለበት፣ በአክብሮት ጠይቋቸው። "እማማ፣ ይሄ እኮ ስሙም መድኃኒቱም የታወቀ ነገር ነው" በሏቸው። ለሦስት ቀን ያህል የጠጡትንና የሸኑበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ብትጽፉላቸው ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። ትኩሳትና የወገብ ሕመም ካለ፣ ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ሽንት ላይ ደም ከታየ ወይም እግር በድንገት ከዛለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።